ኮምቦልቻ የወረደ ልብ

ልብ ይዋሻል። «ልብ አይዋሽም» የሚሉ ሰዎች ልባቸውን ቀንና ሌሊት አስቀርጸው አያውቁም። እኔ የታላቅ እህቴ ልብ ቀኑን ሙሉ ሲዋሽ አይቻለሁ። ውሸቱን ያስተማርነውም ቤተሰቦቿ ነን።

እህቴ እትዬ፣ ደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ ዳገቱን ስትወጣ፣ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወደቀች። የመጀመሪያውን ጊዜ በጾም አሳበብን። በሁለተኛው የባጃጅ ሹፌር ከነዘንቢሏ ቤት አደረሳት። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ አንዲት ወጣት ሐኪም ልቧን አዳመጠችና ነገሩን አልሸፋፈነችም፦ የልብ ምቱ አልፎ አልፎ የሚዛባ ከሆነ ደም ልብ ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። እናታችን ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ለዓመታት ተኝታ ነው የሞተችው። እትዬ ሞትን ብዙም አትፈራም፤ ያንን አልጋ ግን ትፈራለች።

ሐኪሟ የልብ ምት የምትቀርጽ፣ ከሞባይል የምታንስ መሣሪያ ደረቷ ላይ በሽቦ አያይዛ፣ «እስከ ነገ እንደ ወትሮዎ ይዋሉ» አለቻት።

እኛ ዘንድ ደረቱ ላይ ሽቦ የተለጠፈ ሰው እንደ ወትሮው አይውልም። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ «ዐፊያውን ይስጥሽ፣ ምንም እንዳትነኪ» ተባለ። ልጇ ከኮምቦልቻ ደውላ የደሴ ዳገትና ብርድ ለልብ እንደማይሆን ፈረደች። በሚኒባስ ይዣት ወረድኩ። እዚያ ሜዳ ነው፣ ይሞቃል። ፍራሽ ተነጠፈላት፣ ጠያቂው በሹክሹክታ አወራ፣ በፖለቲካ የሚያበሽቃት አማቿ እንኳ ዘመድ ጥየቃ ተላከ።

በማግሥቱ ሐኪሟ ኮምፒውተሩ ላይ የልብ ምቷን መስመር ስትገፋ፣ ስትገፋ ቆየችና ዞረች።

«እማማ፣ ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ተኝቼ፣ የኔ ልጅ።»

«የወደቁት የት ነበር?»

«ሰኞ ገበያ፣ ዳገቱ ላይ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ኮምቦልቻ ወረዱ?»

«ወላሂ፣ በሰው መሣሪያ ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ይሄ የእንግዳ ልብ ነው። እኔ የፈለግሁት የባለቤቲቱን ነበር።»

አብራን የመጣችው ልጇ ግን ደስ ብሏታል። «ንጹሕ ነው ማለት አይደለም?»

«ትናንት ንጹሕ ነበር ማለት ነው።»

ከተማችንን አሰብኩ። ትልቅ ሰው ሊጎበኘን ሲመጣ መንገዱ ይጠረጋል፣ ጉድጓዱ በቀይ አፈር ይሞላል። እንግዳው ያየውን ጽፎ ይሄዳል፤ የጻፈውም እውነት ነው። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ብዙ የተማሩ ሰዎች ማስረጃ የሚሉት ይህንኑ ነው።

እትዬ «አልሀምዱሊላህ» ብላ ተነስታ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። እናታችንን እንዳሰበች ሳትነግረኝም አወቅሁ። ተመልሳ ተቀመጠችና፣ «እንደገና ለጥፊልኝ» አለች።

በዚህኛው ቀን ማንም እንዲጠይቃት አልፈቀደችም። ዘንቢሏን ይዛ ዳገቱን ወጣች፤ እኔ ከኋላ። ቲማቲም ሻጯን የበሰበሰውን ከሥር ስትሸጉጥ ያዘቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሽቦ ለብሰሽም አትተይኝም?»

«ሽቦው ልቤ ላይ ነው፤ ዓይኔ ላይ አይደለም።»

ጥቂት እንደሄድን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ነጣ። እጇን ይዤ ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ፣ «አለፈ» አለችኝ።

አላለፈም፤ መሣሪያው ይዞታል። በማግሥቱ ሐኪሟ ዘንድ ስንመለስ ኮምፒውተሩ ብዙ ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ ነበር፤ ሐኪሟ አንድ በአንድ እያየች አብዛኛውን «ይሄ የእጅ እንቅስቃሴ ነው» እያለች ጣለችው። ከዚያ አንዱ ላይ ቆመች። እኩል ተራርቀው ሲመጡ የነበሩት ምቶች ሥርዓት አጥተው ተጋፉ፤ ቀጥሎ መስመሩ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ ልቡ እንደገና ጀመረ።

«ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት እዚህ ጋ ነው።»

እትዬ ባዶውን ቦታ ትኩር ብላ አየችው። «እንደ እናቴ እሆን ነበር?»

«ላይሆኑም ይችሉ ነበር። አደጋው ግን አለ፤ አሁን አውቀነዋል።»

ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ጀመረችላት፤ ልቧ ለአፍታ ስለ መቆሙ ደግሞ ወደ ልብ ስፔሻሊስት ላከቻት። ስንወጣ እትዬ፣ «የመጀመሪያው ውጤት ግን ያምር ነበር» አለች።

ያምር ነበር። አንተም ያቺ መሣሪያ የተለጠፈችብህ ቀን የሚያምር ውጤት አታምጣ። ሌላ ቀን የምትወጣውን ዳገት ውጣ፤ ከምትጨቃጨቀው ሰው ጋር ተጨቃጨቅ። ኮምቦልቻ የምትወርድ ከሆነም መሣሪያውን መልሰህ ውረድ።