ጤነኛ ተብሎ የተመዘገበው ተማሪ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ የሳይንስ ተማሪው ስኳር በሽታ የምትፈውስ የእጅ ሰዓት ሠርቷል። አንዲት ሴትዮ ለአምስት ደቂቃ ብታስራት ድና ወጣች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ መዳን ብቻ ሳይሆን አዲስ ጥርስ አበቀሉ ይባላል።

ጥርሱን ያየ ሰው ግን የለም። ደግሞስ ሰዓት ከመቼ ወዲህ ነው ቆሽት የምታክመው?

ሰዓቷ ለመመረቂያ ጥናት የተሠራች ናት፤ የሰውን ስኳር በላቡ ትለካለች ተብሎ። ለመለካት ግን መጀመሪያ ጤና ምን እንደሚመስል ከአንድ ጤነኛ ሰው መማር ነበረባት። ጤነኛ ሆኖ የተመዘገበው ራሱ ተማሪው ነው። በዚያ ላብራቶሪ ልማድ ያላሳለ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ጣቱን ወግቶ ያረጋገጠ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓቷን አስሮ በላ፣ ተኛ፣ ታጠበ። ባልደረቦቹ ስሙን ረስተው «ጤነኛው» ይሉት ጀመር።

ጤነኛው በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ጠጥቶ አይረካም። ሽንት ቤት ከመመላለሱ ብዛት ኮሪደሩ ላይ የእግር መንገድ አወጣ። «ሙቀቱ ነው» እያለ ከረመና፣ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ በስኳር መለኪያ ጣቱን ወጋ። ሦስት መቶ አርባ! የጤነኛ ሰው ከመቶ ብዙም አያልፍም። መለኪያው አብዷል ብሎ ሌላ ጣት ወጋ። አሥሩንም ጨረሰ፤ መለኪያው ንቅንቅ አላለም።

ለካ ሰዓቷ ጤና ብላ የተማረችው የእሱን በሽታ ነው።

«ዶክተር፣ እኔኮ ጤነኛ አይደለሁም» አለ ለአማካሪው።

«ሐሙስ ጥናትህን ታቀርባለህ፤ ዓርብ ትታመማለህ» አሉት፣ ቀና ሳይሉ። «አሁን ከታመምክ ሁለቱን ዓመት ከዜሮ ነው የምትጀምረው።»

ቤቱ ገብቶ በሩን ቆለፈ። ቢናገር ልፋቱ ገደል ሊገባ፣ ዝም ቢል ሰዓቷ በሽተኛውን ሁሉ «ጤነኛ» ልትል። አንድ ክንድ የማትሞላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳው እየተጠጋው መጣ።

በሩ ተንኳኳ። ገርበብ አድርጎ ከፈተ፤ ያሳደገችው አክስቱ ናት።

«ምን ተቆልፈህ ትቀመጣለህ? ሰው ውጪ ተሰልፎልሃል!»

«የምን ሰው፣ እቴቴ?»

«ባለፈው ሳምንት ያሰርክልኝ ሰዓት 'ጤነኛ' አላለችኝም? የስኳር ኪኒኔን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ለጎረቤቱም ነገርኩ። እነሱም ይዳኑ እንጂ!»

«ከተውሽው ስንት ቀን ሆነሽ?»

«ስድስት። ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ደስ አይልህም?»

እግሯን አየ፤ አብጧል። የሐሙሱን ነገር ትቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል።

«ስሙኝ!» አለ። «ይቺ ሰዓት ማንንም አልፈወሰችም። መለካትም አትችልም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ራሴ ስኳር አለብኝ። አክስቴም አልዳነችም። ሁላችሁም ወደ ኪኒናችሁ!»