ያላጸዳሁት ምስል

ሥራዬ የኤምአርአይ ምስል ማጽዳት ነው። በሽተኛው ማሽኑ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ብዥ ይላል፤ እኔ ያንን ብዥታ በሂሳብ የሚያጠፋ ዘዴ ስፈልግ ዕድሜዬን ፈጀሁ። አምቦ ያሉ ዘመዶቼ ግን እስከ ዛሬ «ፎቶ አንሺያችን» ነው የሚሉኝ።

አባቴን ራስ ምታቱ ሲጠናባቸው በአምቦ በኩል ካለችው ከሸነን አዲስ አበባ አመጣኋቸውና እኔው ራሴ ማሽኑ ውስጥ አስተኛኋቸው። ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ በማይክሮፎን «አባዬ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አልኳቸው።

«ኤዬ» አሉ፣ በኦሮምኛ «አዎ» ማለታቸው ነው፣ ከአንገታቸው ቀና ብለው። እሳቸው ባደጉበት አገር፣ ለጠራህ ሰው ተጋድመህ አትመልስለትም፤ ነውር ነው። ምስሉ ተበላሸ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ቀና አሉ።

«አይመልሱልኝ አልኩ እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ኤዬ፣ ልጄ» አሉ፣ አሁንም ቀና ብለው።

በመጨረሻ ማይክሮፎኑን ዘጋሁት። ድምፄን ሲያጡ ሳይነቃነቁ ተኙ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ዕጢም ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ከቀበርናቸው ወዲህ ያንን ቁልጭ ያለውን ምስል ከፍቼው አላውቅም። የምከፍተው የተበላሸውን ነው። ዘዴዬ ዛሬ ተሳክቶልኝ ብዥታውን ባንዴ ያጠፋዋል፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ብዥታው፣ ስጠራቸው ቀና ያሉልኝ አባቴ ናቸው።