ለብቻዬ የበላሁት ምሳ

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው፤ የጠመኔው ብናኝ ገና ከእጄ አልረገፈም። ቦንጋ ውስጥ ወዳለ አንድ ማቆያ ወሰዱኝና አሥራ ሦስት ሰው ካለበት ክፍል ከተቱኝ። መስኮቷ ደብተር አታክልም፤ ግድግዳው ከዝናቡ ብዛት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጥፋቴን የነገረኝ የለም። ከምርጫው በኋላ ያልተነገራቸው ብዙ ስለነበሩ እኔም መጠየቁን ተውኩት።

በሁለተኛው ወር ሳል ያዘኝ። ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ማታ ማታ ያልበኛል። አንድ ቀን መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የሳንባ ነቀርሳን ምልክት ለስንቱ ተማሪ በቃል አስጠንቻለሁ። ደነገጥኩ፣ ግን አፌን በፎጣ ሸፍኜ መስኮቷ ሥር ተዛወርኩ። "ከዛሬ ጀምሮ ለብቻዬ ነው የምበላው" አልኳቸው።

ወይ ጣጣ! እዚያ ከየቤቱ የመጣ ምግብ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ ግንባር ለግንባር ገጥመን ነው የምንበላው። የተነጠለ ሰው ወይ ኩሩ ነው፣ ወይ ጆሮ ጠቢ። የክፍሉ ተጠሪ፣ የሺሺንዳ ከተማ ነጋዴ የሆኑ ሽማግሌ፣ ተቆጡ።

"ተጸየፍከን?"

"ኧረ ጋሼ! በሽታው በትንፋሽ ነው የሚጋባው፤ እንዳላስይዛችሁ ብዬ ነው።"

"ብርድ ነው ባክህ! እኔንስ እያሳለኝ አይደል?" ብለው ጉርሻ ይዘው መጡ። እጃቸውን መለስኩ። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ የሚያወራ ጠፋ።

ዘበኛው ደግሞ ባሰ፤ ልመርመር ባልኩት ቁጥር "ሐኪም ቤት ያማረህ ሚስትህን ልታይ ነው" ይለኛል። "እኔን አታውጡኝ፣ አክታዬን ብቻ ውሰዱልኝ" ብዬ ለመንኩ። አክታዬን ውሰዱልኝ ብሎ የሚለምን እስረኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአሥረኛው ቀን አንዲት ፖሊስ አዘነችልኝና የአክታ ዕቃ አመጣችልኝ።

ውጤቱ የፈራሁት ሆነ። ወደ ዕቃ ቤቱ ለብቻዬ አዛወሩኝ፤ የጤና ባለሙያዋ በየጠዋቱ እየመጣች ክኒኑን ታስውጠኛለች። እውጥና አፌን ከፍቼ አሳያታለሁ፤ ከዚያ "የክፍሉ ሰዎችስ መቼ ነው የሚመረመሩት?" እላለሁ። አብሯት የሚመጣው የማቆያው ኃላፊ "አንተ ታክመሃል፣ ስለ ሌላው ምን አገባህ?" ይላል። በማግስቱም ያንኑ እጠይቃለሁ። እሱም ሰለቸው፣ እኔም ሰለቸኝ። በሰባተኛው ቀን ለሁሉም የአክታ ዕቃ መጣ። በሽታው የተገኘባቸው ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

ምንጣፋቸውን ተሸክመው እኔ ዘንድ መጡ። ከቤት የተላከላቸውን ቆጮ መሐላችን ዘረጉና "አሁንስ ምን ትላለህ?" አሉኝ።

"መጀመሪያ ክኒኑን ይዋጡ ጋሼ።"

እያጉረመረሙ ዋጡ። አፋቸውንም ሳልጠይቃቸው ከፍተው አሳዩኝ። ከዚያ አብረን በላን።

ከተፈታን ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ሁለታችንም ደህና ነን። ከኔ ይዟቸው ይሁን ከሳቸው ይዞኝ እስካሁን አላውቅም፤ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ኖሯል። ባለፈው ሺሺንዳ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

"ተው እንጂ" አሉ። "እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ልጠይቅህ እያልኩ አፍሬ ነው።"