ከቤይሩት የተላከ የልብ ኪኒን

ከአገር ልወጣ በዋዜማው ማታ አባቴ ራት አልበሉም። «ሞልቶኛል» አሉ፤ ደረታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ። የመለያየት ነገር ነው ተባለ። እኔማ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሰቆጣ ላይ ሥራ ፈትቼ የከረምኩ ነኝ፤ ልቤ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ወልድያ ገብቷል።

ቤይሩት ስንወርድ ፓስፖርት የሚሰበስበው ሰውዬ «ስሪላንካ? ፊሊፒን?» አለኝ። «ሰቆጣ» አልኩት። አየኝና ፓስፖርቴን ክምሩ ላይ ወርውሮ «ያላ» አለ። ያላ ማለት ሂጂ ነው፤ ቶሎ በይም ነው፤ ዝም በይም ነው። በሦስቱም ተጠርቼበታለሁ።

ሥራዬ አሮጊት መጠበቅ ሆነ፤ የማዳሜን እናት። ተታ እንላቸዋለን፣ አያቴ እንደማለት ነው። የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ምግባቸውን አትጠይቁኝ። ላብኔ የሚሉት ውሃው የጠፋ እርጎ ነው፤ ላዩን የወይራ ዘይት ያፈሱበታል። እኛ ጋን የምናጥንበትን ወይራ እነሱ ይጠጡታል። አየሩም ከባሕሩ የተነሳ እንዳልደረቀ ጋቢ ሰውነት ላይ ይጣበቃል፤ የዋግ ነፋስ ቢሆን እስከ ቀትር ያደርቀኝ ነበር።

የተታ ሐኪም ስለ መድኃኒቱ ሊያስረዳኝ ሲል ማዳም «ተዋት፣ አይገባትም» አለችው። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ካልገባኝ አንቺ ጠብቂያቸው» አልኩ። እሱ ሳቀ፣ እሷ ግን ለቀናት አኮረፈችኝ። አሮጊት የምትጠብቁ እህቶቼ፣ ሐኪሙ ያለኝን ልንገራችሁ። ደረታቸውን ሲያማቸው ቁጭ አድርጊያቸው፤ ኪኒኗ ራስ ታዞራለች። አንዷን ኪኒን ከምላስ ሥር፤ አትዋጥም። ወዲያው ካልተሻላቸው አምቡላንስ ጥሪ፤ አስፕሪን ያኝኩ። ኪኒኗ ከጠርሙሷ አትወጣም፣ ከወጣች ኃይሏን ታጣለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ተታ አመድ መሰሉ። አስቀመጥኳቸው፣ ኪኒኗን ከምላሳቸው ሥር አደረግሁ፣ ትከሻቸውን ደግፌ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይተው ቀለማቸው ተመለሰ። መጀመሪያ ያሉት «ሾርባው ቀዘቀዘ» ነው።

በዚያው ሰሞን ወልድያ ያለ ሐኪም የአባቴም ሕመም የልብ ነው ብሎ ያችኑ ኪኒን አዘዘላቸው። መድኃኒት ቤቶቹ ግን የላቸውም። እኔ ከዚህ ገዝቼ ወደ አገር በምትገባ የሰቆጣ ልጅ ላክሁ፤ አወሳሰዱን በስልክ ነገርኳቸው። ስልኩ ሐጂ ሱቅ ነው፤ ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፣ አባቴን እሳቸው ያስጠሩልኛል።

ኋላ ደወልኩ። «አባ፣ መድኃኒቱ እንዴት ነው?»

«አለ፣ አንገቴ ላይ።»

«አንገትዎ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ቆዳ ሰፊው እንደ ክታብ ሰፋልኝ። ከአጠገብዎ አይራቅ ብለሽኝ የለ? ጠርሙሷን በርበሬ አደረግንባት።»

ከኋላ የሐጂ ድምፅ መጣ። «አይሆንም ብያቸው ነበር። ‹አንተስ ክንድህ ላይ ያሰርኸው ምንድን ነው?› ቢሉኝ እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩ።»

«ሲያምዎትስ?» አልኩ አባቴን።

«እጨብጠዋለሁ። አንዳንዴ ይለቀኛል።»

«አንዳንዴ ካልለቀቀዎትስ፣ አባ? ሞት ነው እኮ። ቆዳው ተሰፍቶ ማን በጥርሱ ይቀድልዎታል? ያም ኪኒን ኃይሉ ጠፍቷል።»

ተቆጡ፤ ሲቆጡ ወደ ኻምጣኛ፣ ወደ ዋግ አገውኛችን፣ ይሻገራሉ። በኻምጣኛ መለስኩላቸው። ተታ ከመታጠቢያ ቤት ሆነው «ያላ» ይሉኛል። ሌላ ጠርሙስ እስክልክ ሐኪም ቤት ሄደው እንዲታዩ ለመንኳቸው፤ ሐጂም እወስዳቸዋለሁ አሉ። አባቴ በረድ ብለው ወደ አማርኛው ተመለሱ።

«እሺ እፈታዋለሁ። አዲሱ ሲመጣ እንዴት ነው ያልሽኝ?»

«ቁጭ ይላሉ። አንዷን ከምላስዎ ሥር ያደርጋሉ። ብቻዎን አይሁኑ፤ የሚደግፍዎት፣ ካልተሻለዎት ሐኪም ቤት የሚያደርስዎት ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ።»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

«የምትጠብቂያቸው ሴትዮስ፣ አጠገባቸው ማን ይቀመጣል?» አሉ።

«እኔ ነኛ፣ አባ።»

«ደግ። እንግዲያ አትራቂያቸው።»