የሌለብኝ ካንሰር

ሰባተኛዋ ጠያቂ ሴትዮ አጥሚት በቴርሞስ ይዛ ስትገባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2018 ነው፤ ቡርንስቪል በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ እናቴ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜአለሁ። ጡቶቼን በኦፕራሲዮን ካስወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ሴት ተብዬ ብወለድም ወንድ መሆኔን ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ቀን ስል ጎረቤት ከተማ ሻኮፒ፣ መጋዘን ውስጥ ሁለት ክረምት ካርቶን ስሸከም ኖሬአለሁ።

እናቴ ጾም አትገድፍም፣ ውሸትም አትወድም። ስለዚህ ለማኅበሯ ሴቶች የእውነቱን ግማሽ ነገረቻቸው፤ «ልጄ ጡቷን ተቆረጠች» አለች። የቀረውን እነሱ ሞሉት። እኛ ዘንድ ካንሰር በስሙ አይጠራም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ስሙ የማይጠራን ነገር ደግሞ ማን ደፍሮ ያጣራል?

መጡ እንግዲህ። ጠበል ይዘው መጡ፤ አንዷማ አረጋውያን የምትጦርበትን የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርም እንኳ ሳታወልቅ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ስለት ተሳሉልኝ። እግሬን አሹልኝ። ያን ሁሉ ፍቅር ያመጡት ልትሞት ለተቃረበች ልጅ ነበር፤ እኔ በእሷ ስም ስቀበል ሰነበትኩ። አንገበገበኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሆስፒታሉ የሥነ ልቦና አማካሪ «ምን ትጠብቃለህ?» ብላኝ ነበር። «ሸሚዝ እንዲያምርብኝ» አልኳት። ዋሸሁ። የምጠብቀው ፋሻው ሲፈታ እናቴ አይታኝ «ለካ ወንድ ልጅ ነበረኝ» እንድትል ነበር። አማካሪዋ ደረቴ እንደሚቀየር፣ ቤተሰቤ ግን አብሮ እንደማይቀየር፣ ለሳምንታትም ሊከፋኝ እንደሚችል ስትነግረኝ ቱግ አልኩባት። ይቺ ፈረንጅ ስለ እናቴ ምን ታውቃለች? አልኩ በልቤ። ያለችው ሁሉ ደረሰ። ደረቴን ወድጄዋለሁ፤ አንድም ቀን አልጸጸተኝም። ግን ከጠዋት እስከ ማታ አለቅሳለሁ፣ ሴቶቹም «ሞትን ፈርታ ነው» ይላሉ።

ሰባተኛዋ ሴትዮ እጇን ራሴ ላይ ጫነች። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ፈጣሪ ጡትሽን ቢወስድም ነፍስሽን ትቶልሻል» አለችኝ።

«እሱ አልወሰደውም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ካንሰር የለብኝም። ወንድ ነኝ፣ አስቤበት ያደረግሁት ነው።»

እጇን አነሳች። እናቴን አየቻት፤ እናቴ ምንጣፉን ታያለች። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ፣ «እግዜር ይማርሽ» እንኳ ሳትል ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ ጮህኩ። «ለምንድን ነው ያልነገርሻቸው? ስንት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱልኝ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ያ በሽታ ቢሆን ኖሮ ሰው አብሮኝ ያለቅስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ብቻዬን ቀረሁ።»

«ማን አልቅሺ አለሽ? ድኛለሁ እኮ! አልሞትኩም እኮ!»

ብድግ አልኩና ሸሚዜን ገልጬ ፊቷ ቆምኩ። «እዪኝ» አልኳት፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እዪኝ።»

ሐኪሙ ሥራውን አሳምሮ ሠርቶታል። እናቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።