እማማ ውዴ ያስያዙት መስመር

እፀገነት አንድ ቀን ውላ ለማደር ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ያስፈልጋታል። ለባጃጅ ደርሶ መልስ አርባ፣ ልጇን ለምትይዝላት ጎረቤት ሰባ፣ ለምሳ ሽሮ መቶ፤ የቀረችው ለልጅቱ ወተትና ለራት ናት። ደመወዟ ወር በገባ በሃያኛው ቀን ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀኖች የምትገፋው አበል ሲገኝ በአበል፣ ሳይገኝ በዱቤ ነው። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር የሁለት ቀን ስልጠና አበል ፈርማ ስትቀበል የቆጠረችው በብር ሳይሆን በቀን ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ሱቅ ሄዳ "ጻፍልኝ" ሳትል ማደር! ያ አምስት ቀን የእማማ ውዴ እንደነበር ልቧ ያን ጊዜም ያውቅ ነበር፤ አፏ ያመነው ግን ጥር ላይ ነው።

እፀገነት የደባርቅ ልጅ ናት። ሰቆጣ የመጣችው በሥራ ተመድባ ነው፤ ስሙ ይቅርና ከአንድ መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ከአገሬው ቋንቋ ከኽምጣና የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው፤ እሱንም ስትለው ሰው ይስቅባታል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት የካቲት ነው። የመልካም አስተዳደር ማሻሻያ ዕቅድ ሊወጣ ነውና ሕዝቡ ይጠየቅ ተባለ። እፀገነት ደብተሯን ይዛ በሰቆጣ ዙሪያ ራቅ ወዳለ ቀበሌ ወጣች። ቋንቋ እንድታቀብላት የመሥሪያ ቤቱን የጽዳት ሠራተኛ ሶስናን አስከተለች፤ ሶስና የዚያው ቀበሌ ተወላጅ ናት። ሰው ሁሉ መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት ሲል እማማ ውዴ የሚባሉ ባልቴት ተነሡ።

"መንገዱንስ በእግራችን ለምደነዋል፤ ቢሯችሁ ደርሶ ዲዳ መሆንን ግን አልለመድነውም። በገበያ ቀን አንድ ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው አስቀምጡልን፤ ነው የሚሉት" አለች ሶስና።

እፀገነት ጻፈች፦ የኽምጣና አስተርጓሚ፣ አንድ ሰው፣ በሳምንት አንድ ቀን። እማማ ውዴ ጠጋ ብለው ደብተሩን አዩ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ግን መስመሩ ላይ አሳረፉና በአማርኛ "ይህ ነው?" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ይህ ነው።"

ግንቦት ላይ ዕቅዱ ከላይ ተመለሰ። "ከአገራዊው የልማት ዕቅድ ጋር አልተናበበም" ይላል ማስታወሻው። ቅጹ ላይ ከያንዳንዱ ሥራ አጠገብ፣ ሥራው የሚደግፈው አገራዊ ግብ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። የመንገዱ ሳጥን ሞላ፤ የውኃውም ሞላ። የአስተርጓሚው ባዶውን ቀረ። እፀገነት የአገሪቱን የአሥር ዓመት ዕቅድ ብታገላብጥ "አስተርጓሚ" የሚል ቃል አጣች።

የቡድን መሪዋ አቶ ጌታሰው መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። "ሳጥኑ ባዶ የሆነ ሥራ በጀት አያገኝም" አሏት። "ነገ ጠዋት ካልተላከ ደግሞ የሌላውም ይቀራል። ወይ ሰርዢው፣ ወይ ልብስ አልብሺው።"

መሰረዙን አንጀቷ እንቢ አላት። የሥራውን ስም "የአገልግሎት አሰጣጥ አቅም ግንባታ" ብላ ቀየረችው፤ ለዚህ ስም ግብ አልጠፋምና ሳጥኑን ሞልታ ሰደደችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ስሙ ምንም ይሁን ምን ገንዘቡ ሲመጣ ለአስተርጓሚው ይውላል ብላ ነው። ዕቅዱ አለፈ። በስብሰባ ላይም "ዕቅድ ማናበብ ከእፀገነት ተማሩ" ተብሎ ተጨበጨበላት።

ገንዘቡ ግን የሄደው በተጻፈለት ስም ነው። ኅዳር ላይ ሲለቀቅ ሒሳብ ክፍል "አቅም ግንባታ ማለት ስልጠና ነው፤ በሌላ ብናወጣው ኦዲተር ይይዘናል" አለ። አዳራሽ ተያዘ፣ የታሸገ ውኃ በካርቶን ገባ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ተገልጋይ ክብር ተወራ። እፀገነት አንድ ጊዜ ልትናገር እጇን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋ መልሳ አወረደችው። የአበሉ መፈረሚያ ሲዞር ግን እጇ አልዘገየም።

ጥር በገባ በአንድ የገበያ ቀን፣ እማማ ውዴን ከቢሮዋ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሶስና መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ የሆነውን ነገረቻት። የሟች ባላቸው ወንድም እርሻቸውን "ለእኔ ሰጥታኛለች" ብሎ ከሷቸዋል። የፍርድ ቤት ቀጠሯቸው በገበያ ቀን ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያስተረጉምላቸው ቢያጡ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው በሃምሳ ብር ይዘው ገቡ። ሰውየው የከሳሹ አማች ኖሯል። እሳቸው "አልሰጠሁም" ሲሉ እሱ "ሰጥቻለሁ ትላለች" ብሎ አስተረጎመ። እርሻው ለከሳሹ ተፈረደ፤ አሁን የቀራቸው ይግባኝ ብቻ ነው።

እማማ ውዴ ቀና ብለው እፀገነትን አንድ ነገር ጠየቋት።

"ያ ደብተርሽ ላይ የጻፍሽው ሰው መጣ ወይ? ይሉሻል" አለች ሶስና።

እፀገነት ወደ ሶስና ዞረች። "በጀት አልተለቀቀም በያቸው።"

ሶስና መጥረጊያዋን አነሣች።

"ንገሪያቸው እንጂ!"

"ይህን እንኳ አላስተረጉምም። የውኃውን ካርቶን ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንቺ ስትፈርሚ ጠረጴዛውን እየወለወልኩ ነበር።"

እፀገነት ከእማማ ውዴ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "እንግዲያው እውነቱን ንገሪልኝ" አለች። "የመስመራቸውን ስም የቀየርኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ መጥቶ ነበር፤ ሰለጠንበት። እኔም በልቼበታለሁ።"

ሶስና አቀበለች። እማማ ውዴ መቋሚያቸውን ያዝ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ሶስና ሳቋ አመለጣት።

"ከሰለጠናችሁማ፣ እስቲ በኽምጣና አናግሪኝ! ይሉሻል።"

እፀገነት መሳቅ አቃታት። ገብታ ያንኑ የአሥር ዓመት ዕቅድ እንደገና ገለጠች፤ ከሰዓት በኋላ አቶ ጌታሰው ቢሮ ሄደች።

"ዕቅዱ በመንፈቅ ዓመቱ ግምገማ ይታረም" አለች። "አስተርጓሚው በራሱ ስም ይግባ። ስሙን ማን እንደቀየረው በማረሚያው ደብዳቤ ላይ እጽፋለሁ።"

"ልብስ አልብሺው ያልኩሽንም ልትጽፊ ነው?"

"የእርስዎን አልጽፍም። የጻፈችው የእኔ እጅ ናት።"

"አንቺ ሞኝ! ከእንግዲህ ስልጠና ሲመጣ ስምሽን የሚያስገባልሽ ያለ መስሎሻል?"

"ይቅርብኝ።"

አቶ ጌታሰው ግንባራቸውን አሹ። "ሳጥኑስ? ባዶውን ይሂድ?"

"ፍትሕን ለሁሉም ማዳረስ የሚል ግብ አለ። ያኔም ነበር። አስተርጓሚ የሚለውን ቃል ስፈልግ እሱን ዘልዬው ነው።" ዕቅዱን ገልጣ ገጹን አሳየቻቸው። ልጅ እንኳ የሚያገኘው ገጽ ነበር።

ደብዳቤው ሄዷል። ቢፈቀድ እንኳ አስተርጓሚው የሚቀጠረው ሐምሌ ላይ ነው፤ የእማማ ውዴ ይግባኝ ደግሞ የካቲት አሥራ ስምንት ይሰማል። ሶስና ገብታ እንዳታስተረጉም የእማማ ውዴ የወንድም ልጅ ናት፤ ባላጋራው እሺ አይልም። እፀገነት ሰው ስታፈላልግ ሰነበተች፤ ያገኘችው ሁሉ ለአንዱ ወይም ለሌላው ዘመድ ነው። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ልመና አላት።

"አማርኛም ኽምጣናም የምታውቁ፣ ለሁለቱም ወገን ዘመድ ያልሆናችሁ ካላችሁ፣ የካቲት አሥራ ስምንት ጠዋት በሦስት ሰዓት ሰቆጣ ፍርድ ቤት ኑልኝ። አበል የለውም፤ ምሳችሁን እኔ እችላለሁ። እማማ ውዴ የሚሉትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ በሉላቸው።"