የባሕሩ ሁለት ዳር

ቢተው መጀመሪያ ጭቃውን በእግሩ ይረግጠዋል፤ ጭዱ ከአፈሩ ጋር እስኪዋሃድ። ከዚያ በእፍኙ እያነሳ አሮጌ የበር ሳንቃ ላይ ይጥላል፤ በመዳፉ ይደለድለዋል። በአንደኛው ጫፍ ተራራ ያቆማል። ከተራራው ሥር ያለውን ጠባብ ቁልቁለት በማንኪያ ደረጃ ደረጃ አድርጎ ይቆርጠውና ኖራ ይቀባዋል። መሐሉን ባዶ ይተወዋል፤ ባሕሩ እሱ ነው። በማዶው ጫፍም ያንኑ ተራራ፣ ያንኑ ነጭ ደረጃ ይደግም ነበር፤ እስካለፈው ጥር ድረስ።

ሥራው ላሊበላ ዙሪያ ቤት መምረግ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። ሳንቃውን የሚሠራው ልጁ ደሳለ የት እንደቀረ ለማወቅ ነው።

ደሳለ በአፋር አድርጎ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ነበር የወጣው። የመጨረሻ ስልኩ አጭር ነበር። «አባዬ፣ ባሕሩ ዳር ነኝ። የተቀመጥኩበት ነጭ ድንጋይ እንደኛ አገር እርከን ደረጃ ደረጃ ነው፤ ዛጎል ሞልቶበታል። ተራራው ከጀርባዬ ነው።» መስመሩ ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ ያስጓዘው ደላላ «ተሻግሯል» ብሎ ላከ።

ቢተው አመነ፤ ስልኩም ከማዶ የተደወለ መሰለው። እሱ የሚያውቀው ውኃ ተከዜን ነው፤ ተከዜ ደግሞ ወዲህም ገደል፣ ማዶም ገደል ነው። ስለዚህ ከየመን የተመለሰ ሰው በሰማ ቁጥር፣ ኩልመስክም ይሁን ኮን፣ ሳንቃውን ተሸክሞ ይሄዳል። የማዶውን ነጭ ደረጃ እያሳየ «እዚህ ላይ አላየኸውም?» ይላል። ያየው አልተገኘም።

ሚስቱ ወለተ ሐና ተዝካር የሚል ቃል ከሰማች ትቆጣለች። «ተሻግሯል ተብሏል። ለቆመ ሰው ተዝካር የሚያወጣ ማን ነው?»

በጥር ሳሊሕ የሚባል ከየመን ተመላሽ ባጃጅ ሊነዳ ላሊበላ መጣ። ቢተው ቤቱ ጠራው። ሳሊሕ ሳንቃውን ሲያይ ሳቀ።

«አያ ቢተው፣ ቤት መራጊ ናቸው ሲሉኝ፤ ባሕርም ይመርጋሉ እንዴ?»

«ዳሩን ነው እንጂ፣ ባሕሩንማ ማን ችሎት! በል፣ የወረድክበትን አሳየኝ።»

ሳሊሕ ጣቱን ወደ ማዶው ዘርግቶ አየር ላይ አስቀረው። «እኔ የወረድኩበት እንዲህ አይደለም። አሸዋ ነው፤ ከዚያ ጨው የነጠፈበት ሜዳ፣ ከዚያም አሸዋ። ስንሄድ ውለን ተራራው ገና ጭስ መስሎ ነው የሚታየው።»

«ነጩ ደረጃስ?»

«እሱማ ወዲህ ነው። ጀልባ የጠበቅንበት፣ ጅቡቲ በኩል።»

ሁለቱን ዳሮች የሠራቸው የተለያየ ነገር ነው። ነጩ ደረጃ ድሮ ከባሕር በታች የነበረ የኮራልና የዛጎል ድንጋይ ነው፤ መሬቱ በየዘመኑ ብድግ ባለ ቁጥር አንድ እርከን ከውኃ በላይ ቀረ። ተራራው ስለተጠጋው ሜዳው ጠባብ ነው። የማዶውን ያነጠፈው ግን ጎርፍ ነው፤ ከሩቅ ተራራ አፈርና አሸዋ እያወረደ ባሕሩን ወደ ኋላ ገፋው፤ ነፋስ አሸዋውን ከመረው። ላስታ ውስጥ ጎርፍ ማሳ ጠርጎ ሲወስድ ላየ ሰው ይህ አይከብድም። ቢተው ግን ሁለቱንም በተከዜ ልክ መርጓቸው ኖሯል።

የማዶውን ተራራ በመዳፉ ጨፈለቀው።

ወለተ ሐና በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። «እሱ እርከኑ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ማዶ ማዶውን ስጠራው ከረምኩ?»

ሳሊሕ አቀረቀረ። «ከዚያ ተነስተው የሰመጡ ጀልባዎች አሉ፣ እማማ። ጥም የጨረሰውም አለ። እዚያው ይቀብሩና ድንጋይ ይከምሩበታል።»

ከዚያ ወዲህ ወለተ ሐና «ተሻግሯል» አትልም። ተዝካርም የለም፤ የነፍስ አባታቸው «መሞቱን ያየ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ቢተው አሁን የሚመርገው አንዱን ዳር ብቻ ነው። ይህን ለምታነቡም ልመና አለው፦ «በዚያ ነጭ እርከን ያለፋችሁ፣ ያለፈ ሰውም የምታውቁ፣ ልጄን አይታችሁ እንደሆን ንገሩኝ። ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ሞቶም ከሆነ አትሳቀቁ፣ ንገሩኝ። ድንጋይ የተከመረበት በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ብቻ።»